በሮክቪል የዋልንበት ጉባኤ



በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምናቀርበው ከሰው የሰማነውን ወይም ከመጻሕፍት የለቀምነውን ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ግን በዐይናችን ያየነውን፣ እውነቱንም ለመናገር ሳንወድ የገባንበትን ጉዳይ ነው። ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ከተከበረ በኋላ በዋለችው ቅዳሜ፣ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት፣ ሮክቪል በምትባለው ከተማ ነው።

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ የቆየ ወዳጅ አለን። የጣና ዳር ተወላጅ ነው፤ ታክሲ እየነዳ ሦስት ልጆች የሚያሳድግ፣ ጾሙን የማይገድፍ፣ እሑድ ከቅዳሴ የማይቀር ጨዋ ክርስቲያን ነው። የመጀመሪያ ልጁ ለባለቤታችን የክርስትና ልጅ ናት፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ አቅፋ የቆመችላት እርሷ ናት። ልጅቱ አሁን ዐሥራ አምስት ዓመት ሞልቷታል።

እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ ይህ ወዳጃችን ማታ ከሥራ ሲወጣ ወደ ቤታችን መጣ። ቡና ይፈላልህ ብንለው እንቢ አለ። ከያዘው ፌስታል ውስጥ አንድ መጽሐፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና «ይህን ከትራሷ ሥር አገኘሁት» አለን።

መጽሐፉ ኦክታቪያ በትለር የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ደራሲ በ1993 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ሲሆን ስሙ በአማርኛ «የዘሪው ምሳሌ» ቢባል ይስማማዋል። ስሙ ከወንጌል የተወሰደ ስለ ሆነ የልጅቱ እናት አስቀድማ ባየችው ጊዜ መንፈሳዊ መጽሐፍ መስሏት ደስ ብሏት ነበር አሉ። አባትየው ግን እንግሊዝኛውን ገልጦ ቢያነብ ያገኘው ሌላ ነው። በታሪኩ ውስጥ የአንድ የባፕቲስት ሰባኪ ልጅ የሆነች የዐሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ የአባቷን ሃይማኖት በልቧ ትታ፣ በድብቅ የራሷን ሃይማኖት ስትጽፍ ይገኛል። ወዳጃችን ይህን ሲነግረን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። የእኔም ልጅ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው» አለ።

በመጽሐፉ መካከል ደግሞ አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበረ። የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች በየዓመቱ በሮክቪል ስለሚያደርጉት ጉባኤ የሚያስታውቅ ወረቀት ነው። ልጅቱ ገንዘብ ስታጠራቅም ቆይታ «ልሂድ» ብላ ጠይቃዋለች፤ እርሱም ከልክሏታል። «ጉባኤ ይሉታል እኮ!» አለን በምሬት፤ «ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ ሊቃውንት በኒቅያ በተሰበሰቡበት ስም! በቴሌቪዥን አይቻቸዋለሁ፤ ቀንድ የሚያበቅሉ፣ ጭንብል የሚያጠልቁ ናቸው።» ከከለከላትም ወዲህ ልጅቱ አታነጋግረውም። አትሰድበውም፣ አታኮርፍም፣ እንቢም አትልም፤ የሚላትን ሁሉ «እሺ» ብላ ታልፋለች። ቡናውን ታቀርብለታለች፤ ወዲያው ትወጣለች። «ስድስት ቀን ሆነ፤ ብትሰድበኝ በተሻለኝ» አለን።

እስከዚህ ድረስ የምናውቀው ዐይነት ነገር ነው፤ ብዙ አባቶች ይህን የመሰለ ጉዳይ ይዘው ወደ እኛ ይመጣሉ። ቀጥሎ የተናገረው ግን ከመቀመጫችን አነሣን። «እኔ የከለከልኋት በእናንተ ቃል ነው» አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ዐምድ፣ የሳይንስ ልብ ወለድ የሚባለው ንባብ የልጆችን ጊዜ የሚበላ ከንቱ ነገር ነው ብለን ጽፈን ኖሯል። ወዳጃችን ያን ገጽ ቆርጦ በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፎታል። ልጅቱም ውኃ በቀዳች ቁጥር ታነብበዋለች።

እንናዘዝ፤ ያን ስንጽፍ ከዚያ ወገን አንድ መጽሐፍ እንኳ አንብበን አናውቅም ነበር።

ባለቤታችን ከጓዳ ሆና ትሰማን ኖሮ «እንግዲያማ ሄዳችሁ እዩታ» አለች። ጥቂት ከተከራከርን በኋላ ነገሩ በዚያው ተቋጨ፤ አባትየው፣ ልጅቱና እኛ አንድ ቀን አብረን ሄደን እናያለን፤ ክፉ ነገር ካየን በዚያው ሰዓት እንመለሳለን። መጽሐፉንም እስከዚያው እኛ ዘንድ አስቀመጥነውና በሦስት ሌሊት አነበብነው።

ያነበብነውን ሳንሸፍን እንነግራችኋለን። መጽሐፉ ለትንሽ ልጅ የሚሰጥ አይደለም፤ ግድያና ዝርፊያ፣ ከዚያም የከፋ ነገር አለበት። በውስጡ የተፈለሰፈውም ሃይማኖት ከእኛ እምነት ጋር የሚገጥም አይደለም። ነገር ግን በአገሪቱ ሥርዐት ሲፈርስና ውኃ በወርቅ ዋጋ ሲሸጥ፣ ያች ልጃገረድ ዘር ትሰበስባለች፣ የሚበላ ቅጠል ከማይበላው ትለያለች፣ በመንገድ ያገኘቻቸውን የተጣሉ ሰዎች ሰብስባ ታኖራለች። ደራሲዋ አንድ ብርቱ ነገር ጨምራባታለች፤ ልጅቱ ሌላው ሰው ሲታመም ስታይ ሕመሙ በራሷ አካል ላይ ይሰማታል። የሚመታን ሰው አይታ ማለፍ አትችልም፤ እርሷም ትወድቃለች። ይህን ስናነብ መጽሐፉን አጥፈን ጥቂት ተቀመጥን።

የደራሲዋን ሕይወት ደግሞ ለልጅቱ እናት በስልክ ነገርናት፤ እርሷ የሰው ቤት እያጸዳች የምትኖር ናትና። ኦክታቪያ በትለር በ1947 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በፓሳዲና ከተማ ተወለደች። አባቷ በልጅነቷ ሞተባት፤ እናቷ በነጮች ቤት በገረድነት ታገለግል ነበር። የእናትዮዋ አሠሪዎች ያነበቧቸውን መጻሕፍት ሲጥሉ እናትየዋ እያነሣች ለልጇ ታመጣላት ነበር። ያቺ ልጅ በ1995 እ.ኤ.አ. የማክአርተር ድርጅት የሚሰጠውን ታላቅ የገንዘብ ሽልማት ከሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች መካከል የመጀመሪያዋ ሆና ተቀበለች፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ዐረፈች። የልጅቱ እናት ሰምታ ዝም አለች። ከዚያም «እኔም የማጸዳበት ቤት የሚጣል መጽሐፍ አለ፤ ነገር ግን ስለ ምን እንደ ሆነ ስለማላውቅ አላነሣም» አለችን።

ይህ ጉባኤ የሚሉት ነገር ከየት እንደ መጣ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እንንገረው። ከሉክሰምበርግ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ሁጎ ገርንስባክ የተባለ ሰው በ1926 እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር ገደማ የሳይንስ ልብ ወለድ ብቻ የሚታተምበትን «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለውን መጽሔት አወጣ። ሰውዬው የአንባቢዎቹን ደብዳቤ ሲያትም ስማቸውን ከነሙሉ አድራሻቸው ያትመው ነበር። እንግዲህ በየሰፈሩ «ይህን የማነብ እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ ተደብቆ ያነብ የነበረው ወጣት ሁሉ፣ የመሰሉን አድራሻ ከመጽሔቱ እየገለበጠ መጻጻፍ ጀመረ። ከመጻጻፍ ወደ መገናኘት ሄዱ። በ1936 እ.ኤ.አ. ጥቂት የኒው ዮርክ ወጣቶች ወደ ፊላደልፊያ ተጉዘው በአንዱ ባልንጀራቸው ቤት ተሰበሰቡ፤ በቀጣዩ ዓመት በጥር እንግሊዞች በሊድስ ከተማ በአዳራሽ ተሰበሰቡ። የመጀመሪያው ጉባኤ የትኛው ነው በሚለው ላይ ሁለቱ ወገኖች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በ1939 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ሁለት መቶ የሚያህል ሰው ተገኝቶ የዓለም ጉባኤ የተባለው ተደረገ። በዚያም ሚርትል ዳግላስ የተባለች ሴት የወደፊቱ ዘመን ልብስ ይህን ይመስላል ብላ ሰፍታ እርሷና ባልንጀራዋ ፎረስት አከርማን ለብሰውት መጡ። ወዳጃችን በቴሌቪዥን ያየው ቀንድና ጭንብል የልጅ ልጅ መሆኑ ነው።

ደግሞ በዚያው ጉባኤ አዘጋጆቹ ከሌላ ማኅበር የመጡ ስድስት ወጣቶችን «ትበጠብጣላችሁ» ብለው ከበር መልሰዋል። ከተመለሱት አንዱ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ፍሬድሪክ ፖል ከጊዜ በኋላ ከታወቁት ጸሐፊዎችና የመጽሔት አዘጋጆች አንዱ ሆኗል። የማኅበር ጠብ በእኛ አድባራት ሰበካ ጉባኤ ብቻ የሚገኝ ይመስለን ነበር።

በዋሽንግተን ያለው ማኅበር የተመሠረተው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። ከ1950 ጀምሮ እስከ 1997 በሌላ ስም ጉባኤ ሲያደርግ ቆይቶ፣ ከ2001 ወዲህ ካፕክሌቭ የሚባለውን ያደርጋል። ይህ ጉባኤ ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱም ታስቦበት ነው። በሌሎች ስፍራዎች ለተዋንያንና ለልብስ የሚሰጠውን ቦታ እነዚህ ለመጽሐፍ ሰጥተውታል። ምልክታቸው ዶዶ የተባለችው ወፍ ናት። ይህች ወፍ በሞሪሸስ ደሴት ትኖር የነበረችና ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ዘሯ ፈጽሞ የጠፋ ናት፤ እነርሱም በመፈክራቸው ንባብ በእኛ ዘንድ ገና አልጠፋም ይላሉ።

ቅዳሜ ጧት ወዳጃችን በታክሲው መጥቶ ወሰደን። ልጅቱ ከኋላ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች። በደመራው ዕለት እንኳ ከእናቷ አጠገብ ቆማ ችቦውን ስትለኩስ ወደ አባቷ ዞር አላለችም ነበር። በመንገድ ላይ «የት ነው የምንታጠፈው?» ሲላት «በግራ ነው፤ እሺ» አለች። ያለ ቦታው የመጣው «እሺ» እኛን ሊያስቀን ነበርና በግድ ዋጥነው።

ሆቴሉ ስንደርስ በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ሁለት አረጋውያን ተቀምጠው ስም ይመዘግባሉ። አንድ ነገር አስተዋልን፤ የምንከፍለውን የመግቢያ ዋጋ አይሉትም፣ የአባልነት ክፍያ ይሉታል። ምክንያቱን ብንጠይቅ በዚህ ስፍራ ተመልካችና አሳላፊ የሚባል ልዩነት የለም፤ የሚመዘግበውም፣ ወንበር የሚደረድረውም፣ የሚናገረውም ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ነው አሉን። በቤተ ክርስቲያን የጽዋ ማኅበር የለመደ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። በአንገት የሚንጠለጠል የስም ካርድ ሰጡን። ልጅቱ በካርዷ ላይ ከተጻፈው አጭር ስሟ ሥር፣ አባቷ ያወጣላትን ሙሉ ስም በእስክሪብቶ በእኛው ፊደል ጻፈችበት። አባትየው አይቶ ምንም አላለም፤ እኛም አላልንም።

በኮሪደሩ የሚያልፈውን ሰው ወዳጃችን አንድ በአንድ ይመረምራል። ሽበታሞች፣ መነጽር ያደረጉ ሴቶች፣ ሹራብ እየሠሩ የሚያዳምጡ አሮጊቶች፣ በከረጢት መጽሐፍ የተሸከሙ ወጣቶች ናቸው። ሰው ሁሉ ጡረታ የወጣ መምህር ይመስላል። ወዳጃችን ወደ ጆሯችን ጠጋ ብሎ «ቀንዶቹ የት አሉ?» አለን። በመጨረሻ የወፍ ሥዕል ያለበት ቆብ የደፋ አንድ ሰው አየን፤ ከዚያ የባሰ አላጋጠመንም።

የጉባኤው ሥርዐት እንዲህ ነው። በየሰዓቱ በተለያዩ ክፍሎች ውይይት አለ፤ ልጅቱ የፈለገችውን በወረቀቱ ላይ አስቀድማ አስምራበት ነበር። በአንድ ጠረጴዛ ላይ አራት ወይም አምስት ሰዎች ተደርድረው ስለ አንድ ጥያቄ ይናገራሉ። አንዱ የተናገረውን ሁለተኛው ያቃናዋል፣ ሦስተኛው ከሌላ ወገን ያየዋል፣ ማንም ማንንም አይረታም። ለእኛ የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ትዝ አለን፤ «አንድም» እያለ የሚሄደውን የአባቶቻችንን አካሄድ የሚያውቅ ሰው በዚያ ክፍል ባዕድነት አይሰማውም። ልዩነቱ የእኛ መምህራን አለመሳቃቸው ነው። በዚህ ጉባኤ ከሚሰጡት ሽልማቶች አንዱ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአጭር ልብ ወለድ የሚሰጥ ነው፤ ዳኞቹ ጽሑፉን ሲያነቡ የደራሲው ስም ተሰውሮ ነው። ይህን ስትነግረን ልጅቱ ድምፅዋ ከፍ አለ፤ «የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ አያዩም» አለች። የተናገረችው ለእኛ ነው፤ የሰማው ግን አባቷ ነው።

በምሳ ሰዓት ለእንግዶች ምግብ በነፃ ወደሚቀርብበት ክፍል ገባን። ብስኩት፣ አትክልት፣ ለስላሳ መጠጥ ነበር። ስለ ቡናቸው ዝም ማለቱ የተሻለ ነው።

ከሰዓት በኋላ የሆነውን ግን ዘርዘር አድርገን መንገር ይገባናል። ልጅቱ ያሰመረችበት አንድ ውይይት ከጥፋት በኋላ ስለሚተርፉ መጻሕፍት ነበር። አብዝተው ያነሡት ዋልተር ሚለር የተባለው አሜሪካዊ «ለሌይቦዊትዝ የተዘመረ መዝሙር» ብሎ የጻፈውንና በ1961 እ.ኤ.አ. ሁጎ የተባለውን ሽልማት ያገኘውን መጽሐፍ ነው። የዚህ ሰው ነገር አስደናቂ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ አውሮፕላን ወታደር ሆኖ ሲያገለግል፣ በ1944 እ.ኤ.አ. በኢጣሊያ የሚገኘውን የሞንቴ ካሲኖን ገዳም ከደበደቡት መካከል ነበረ። ገዳሙ አባ ቤኔዲክቶስ በስድስተኛው መቶ ዓመት የመሠረተው ነው። ሚለር ከጦርነቱ በኋላ ካቶሊክ ሆነ፤ ከዚያም ይህን መጽሐፍ ጻፈ። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ በአቶሚክ ጦርነት ዓለም ተቃጥሎ፣ የተረፉት ሰዎች «ይህን ያመጡብን የተማሩት ናቸው» ብለው ሊቃውንትን ይገድላሉ፣ መጻሕፍትን ያቃጥላሉ። በበረሃ ያሉ መነኮሳት ግን የተገኘውን ቍራጭ ወረቀት ሁሉ ይደብቃሉ፣ ይገለብጣሉ። ከመነኮሳቱ አንዱ የኤሌክትሪክ ዕቃ ንድፍ አግኝቶ፣ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ፣ ሐረግና ወርቅ እየጨመረበት ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ይገለብጠዋል።

ይህ ሲነገር ወዳጃችን ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። ለጥያቄ ዕድል ሲሰጥ እጁን አነሣ። እኛ ደነገጥን፤ ልጅቱም አንገቷን ደፋች፤ አባቴ ሊያሳፍረኝ ነው ብላ ይሆናል። ተነሥቶ ቆመና በዝግታ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለ፦ «ይህ ታሪክ ለእኛ ልብ ወለድ አይደለም። እኔ የተወለድሁት ጣና ከሚባል ሐይቅ ዳር ነው። በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በግራኝ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ መነኮሳት መጻሕፍቱን በታንኳ ወደ ደሴቶቹ አሸሹ። እስከ ዛሬ እዚያ አሉ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ብራና ጸሐፊ ነበሩ። ያ መነኩሴ የሚገለብጠውን ሳያውቅ ገለበጠ ብላችሁ ስቃችኋል፤ እኔ ልጅ ሆኜ አጎቴን ‹የማይገባዎትን ቃል ለምን ይጽፋሉ?› ብዬ ጠይቄአቸዋለሁ። እርሳቸውም ‹የሚገባው ሰው ሲመጣ እንዲያገኘው ነው› ብለውኛል።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። በጠረጴዛው ከነበሩት አንዷ ሴት ብዕሯን አንሥታ መጻፍ ጀመረች። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ብራናው ከምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ። ወዳጃችን ቆዳው እንዴት እንደሚወጠር፣ እንዴት እንደሚፋቅ፣ ቀለሙም ከጥላሸት እንዴት እንደሚዘጋጅ ይናገር ጀመር። አንዳንድ ቃል በእንግሊዝኛ ጠፋበት። ያን ጊዜ ልጅቱ ሳትነሣ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ቃሉን አቀበለችው። «መቃ» ሲል ቆም አለ፤ «ሸምበቆ ነው፣ የሸምበቆ ብዕር» ብላ በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። አንድ ሰዓቱ አልቆ ሌሎች ሰዎች ክፍሉን ሊረከቡ ሲመጡ፣ ስድስት ሰባት የሚሆኑ ሰዎች ተከትለውት ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ እዚያም ቆመው ይጠይቁት ነበር።

ሰዎቹ ሲበተኑ ልጅቱ «አባዬ፣ አጎትህ ጸሐፊ እንደ ነበሩ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። በአሥራ ሰባት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ፈቃድ የተናገረችው ቃል ይህ ነው። ወዳጃችን «መቼ ጠየቅሽኝ?» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። «እንጃ፤ በሥራ ላይ ስለ ሆንሁ ይሆናል» አላት።

ከሰዓት በኋላ በአንድ ጥግ ተቀምጠን ክርክሩ በገሃድ ተጀመረ፤ እኛም መካከል ሆነን ሰማን። አባትየው ያን የተፈለሰፈ ሃይማኖት ጉዳይ አነሣ። «አንቺም እንደ እርሷ የእኔን እምነት ልትተዪ ነው?» አላት። ልጅቱ ብዙ አሰበች። «እኔ ያነበብሁት አባቷን ስለምትወደው ነው፤ የማታምንበትን ልትነግረው ፈርታ በውስጧ ትይዘዋለች። ከዚያ አንድ ቀን ወጥቶ ይቀራል፤ አይመለስም። ሳትነግረው ቀረች። እኔን ያስለቀሰኝ እርሱ ነው» አለች። ቀጥላም «ሄኖክ የነፋሳትንና የከዋክብትን መዛግብት እንዳየ አንተ ነህ ያነበብክልኝ፤ እኔ ስለ ከዋክብት ስጠይቅ ግን ትቆጣለህ» አለችው። ስለ መጽሐፈ ሄኖክ የተናገረችውን እኛ በዚህ ላይ ልናሰፋው አንፈልግም፤ ቅዱስ መጽሐፍንና የሰው ልብ የወለደውን አንድ ላይ መስፈር ተገቢ አይደለምና። ነገር ግን ጥያቄዋ ለአባቷ የቀረበ ጥያቄ ነበር፤ እርሱም «እቆጣለሁ፤ እውነትሽን ነው» አለ።

ሁሉ ነገር እንዲህ ተስተካክሎ አለቀ ብለን ብንጽፍ ግን ውሸት ይሆንብናል። ልጅቱ በማግሥቱ እሑድ ከጧቱ በአራት ሰዓት ስለ አጻጻፍ የሚሰጥ ትምህርት እንዳለ ነግራ ልምጣ ብላ ጠየቀች። አባቷ በቅዳሴ ሰዓት አይሆንም አላት። ፊቷ ጠቆረ። ብዙ ተከራከሩ፤ እርሱም አልተመለሰም፤ እርሷም «ትክክል አይደለም» አለች እንጂ «እሺ» አላለችም። እኛ በዚህ ጉዳይ ከአባትየው ጋር ነን፤ እንዲህም ብለን ነገርናት። ከቅዳሴ በኋላ ወስዷት ለመጨረሻው ሰዓት ደርሰዋል፤ የፈለገችው ትምህርት ግን አልፏት ነበር። እናትየዋም እስከ ዛሬ ይህን ሁሉ ንባብ ለሒሳብ ትምህርቷ ብታውለው ትመርጣለች። ስለ መጻሕፍቱ የተስማሙበት ነገር ልጅቱ የምታነበውን አባቷም አብሯት እንዲያነብ ነው፤ ድብቅ ንባብ እንዳይኖር። ልጅቱ በዚህ ላይ ቅሬታ አላት፤ «አባዬ ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው» ትላለች።

በዚህ ዐምድ ያን ጊዜ የጻፍነውን ደግሞ በዚህ ዐምድ እንሽራለን፤ ሳናነብ ጽፈናልና አንባቢዎቻችን ይቅር ይበሉን። ገጹን ቆርጠው ለለጠፉ ሌሎች ቤተ ሰቦች ካሉ ያንሡት። በወዳጃችን ቤት እንኳ አልተነሣም፤ ልጅቱ «ይቆይ» ብላለች፤ ለምን እንደ ሆነ ብንጠይቃት ፈገግ አለች እንጂ አልመለሰችልንም።

ከሮክቪል ስንመለስ ወዳጃችን መጽሐፍ ከሚሸጥበት ክፍል ያን ስለ መነኮሳት የተጻፈውን መጽሐፍ በጥቂት ዶላር ገዝቶ ነበር። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ፣ ከምሽቱ በአምስት ሰዓት ግድም፣ ስልካችን ጮኸ። ወዳጃችን በዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ከታክሲዎች ሰልፍ ላይ ሆኖ ነው። ሰላምታም አላስቀደመ፤ «ሽፍቶቹ ያን የዐሥራ አምስት ዓመት ሥራውን ወሰዱበት እኮ!» አለን። ይመለስለት እንደ ሆነ እንድንነግረው ለመነን። አንነግርህም፣ አንብበው አልነው። ሊከራከረን ሲጀምር ከኋላው የሌላ ታክሲ ጡሩምባ ሰማን፤ ተራው ደርሶ ኖሮ «ቆይ፣ ተሳፋሪ መጣ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።